ሙታን ለሕያዋን የሚሰጡት መረጃ፦ የሞት ምክንያት ምርመራና የተላላፊ በሽታዎች ክትትል

በ1950 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ብርቱ የወባ ወረርሽኝ ተነሣ። በሽታው ያጠቃቸው ከባሕር ወለል በላይ ከ1600 እስከ 2150 ሜትር የሚደርሱ፣ ወባ እምብዛም የማይታወቅባቸውና ነዋሪዎቻቸውም በሽታውን የመቋቋም አቅም ያላዳበሩ አካባቢዎች ነበሩ። ወረርሽኙ እስከ 1951 ዓ.ም. ታኅሣሥ ድረስ ዘልቆ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንዳሳመመ፣ 150,000 ያህሉንም እንደገደለ በኋላ በወጡ ጥናቶች ተገልጿል።

እነዚህ አኃዞች የቆጠራ ውጤቶች ሳይሆኑ ግምቶች ናቸው። በዚያን ዘመን በአገሪቱ ውስጥ የሚሞተውን ሰው የሚመዘግብ፣ የሞቱንም ምክንያት የሚጠይቅ ሥርዓት አልነበረም። ስለዚህ የጥፋቱ መጠን የተሰላው ጥፋቱ ካለፈ በኋላ ነው። የጎንደር አካባቢ ከዚያ ቀደም ብሎም በ1945 ዓ.ም. በደንቢያ በደረሰው የወባ ወረርሽኝ ተመሳሳይ መከራ ቀምሶ ነበር። በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል እንዲቋቋም ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ ይኸው የደንቢያ ወረርሽኝ ነው።

ሰው በምን ምክንያት እንደሞተ ማወቅ ለሟቹ የሚመልስለት ነገር የለም፤ በሕይወት ላሉት ግን በሽታው የት እንዳለ፣ ማንን እንደሚያጠቃና እየጨመረ ወይም እየቀነሰ መሆኑን ይነግራቸዋል። በዚህ ጽሑፍ የሞት ምክንያት የሚመረመርባቸውን መንገዶች፣ ከእነዚህም የሚገኘው መረጃ ተላላፊ በሽታዎችን ለመከታተል እንዴት እንደሚያገለግል እንመለከታለን። ጉዳዩ የሕክምና ብቻ ከመሰለ ፊዚክስ የምናስተምር ሰዎች ምን አገባን ሊባል ይችላል። ነገር ግን ጥያቄው በመሠረቱ የመለካት ጥያቄ ነው። በዓይናችን ያላየነውን ምክንያት ትቶት ካለፈው ምልክት ተነሥተን፣ ፍጹም ባልሆነ መሣሪያ እንዴት እንለካዋለን? የከዋክብትን ይዘት ከብርሃናቸው የሚያጠናም ሰው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ሞት ሲደርስ ምን ይመዘገባል?

ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ የሚወስደው መንገድ ከተማዋን ለቆ ሲወጣ በወለቃ በኩል ያልፋል። በሸክላ ሥራዋ የምትታወቀውን ይህችን ስፍራ ለምሳሌ እንውሰድ። በወለቃም ሆነ በሌላው የሰሜን ጎንደር ደጋ ሰው ሲሞት እድርተኛው ይጠራል፤ ዘመድ ይሰበሰባል፤ አስከሬኑ በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ ይቀበራል፤ ለቅሶው ለቀናት ይቀጥላል። ለሟቹ የሚገባው ክብር ሁሉ ይደረግለታል። የሞቱ ምክንያት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከሰው አፍ አልፎ ወረቀት ላይ አይሰፍርም። «ትኩሳት ይዞት ነበር»፣ «ምች መታው»፣ «ሳል ከያዛት ቆየች» ይባላል፤ ከቀናት በኋላም ይረሳል።

በሕግ ረገድ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደትና ሞት መዝገብ ድንጋጌዎች የነበሩት ቢሆንም እነዚህ ድንጋጌዎች ሥራ ላይ እንዳይውሉ ታግደው ቆይተዋል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን አገር አቀፍ ምዝገባው የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ይሁን እንጂ ሕጉ ብቻውን የሞትን ምክንያት አይገልጥም። ሐኪም ሳያየው በቤቱ የሞተ ሰው ሞቱ ቢመዘገብም እንኳ ምክንያቱን በእርግጠኝነት የሚጽፍ ባለሙያ የለም።

መርማሪው ሲጠረጥር

በአንዳንድ አገሮች ድንገተኛና ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ሁሉ ለሞት መርማሪ ጽሕፈት ቤት እንዲነገር ሕግ ያዛል። የእነዚህ ጽሕፈት ቤቶች ዋና ዓላማ ወንጀልን ከተፈጥሮ ሞት መለየት ቢሆንም ለሕዝብ ጤና የሰጡት አገልግሎት ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1993 በአሜሪካ የኒው ሜክሲኮ ክፍለ ግዛት አንድ ጤናማ ወጣት ስፖርተኛ በድንገት መተንፈስ አቅቶት ሞተ። የሞት መርማሪው ቤተሰቡን ሲጠይቅ ወጣቱ ወደ እጮኛው ቀብር በመጓዝ ላይ እንደነበረ፣ እርሷም ከጥቂት ቀናት በፊት በተመሳሳይ ሁኔታ እንደሞተች ተረዳ። መርማሪው ሁለቱን ሞቶች አንድ ላይ በማየቱ ሌሎች ተመሳሳይ ሞቶች ተፈለጉ። ከአስከሬኖችና ከሕሙማን የተወሰዱ ናሙናዎች ወደ ቤተ ሙከራ ተላኩ፤ በሳምንታት ውስጥም ከዚያ ቀደም የማይታወቅ የሃንታ ቫይረስ ዝርያ ተገኘ። ተሸካሚው አይጥ መሆኑም ታወቀ። እያንዳንዱ ሐኪም ለየብቻው ያየው አንድ ሕመምተኛ ነበር። መርማሪው ግን በክፍለ ግዛቱ ውስጥ የሚደርሱ ድንገተኛ ሞቶች ሁሉ የሚያልፉበት ቦታ ላይ ስለተቀመጠ ዝምድናቸውን ለማየት ቻለ።

የሞት መዝገብም ራሱ መርማሪ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ኮሌራ በገባ ጊዜ ሐኪሙ ጆን ስኖው ከመዝገብ ቤት የሟቾችን ዝርዝር ወስዶ እያንዳንዱ ሟች የኖረበትን ቤት ለየ። ሞቶቹ በአንድ የውኃ መቅጃ ዙሪያ ተከማችተው አገኛቸው። የኮሌራ ተሕዋስ በሽታ አምጪነቱ ገና ባልተረጋገጠበት ዘመን የመተላለፊያው መንገድ በሞት መዝገብ ተጠቁሟል ማለት ነው።

በአገራችን በሕግ የሚታዘዝ የአስከሬን ምርመራ ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው የተወሰነው በአዲስ አበባው ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነበር። ምርመራውም የሚያተኩረው በወንጀልና በአደጋ ላይ ነው። በየገጠሩ በቤቱ የሚሞተውን ሰው በዚህ መንገድ መመርመር የማይሞከር ስለሆነ ሌላ ዘዴ አስፈለገ።

አስከሬን በሌለበት፦ የቃል ምርመራ

ይህ ዘዴ በቃል የሚደረግ የሞት ምክንያት ምርመራ ይባላል፤ ከዚህ በኋላ በአጭሩ «የቃል ምርመራ» እንለዋለን። መርማሪው ሐኪም መሆን የለበትም። አብዛኛውን ጊዜ በአካባቢው ተወልዶ ያደገ፣ ሁለተኛ ደረጃ ያጠናቀቀና ልዩ ሥልጠና የወሰደ ሰው ነው። ቤተሰቡ ሐዘኑን እስኪወጣ፣ ብዙ ጊዜም አርባው እስኪያልፍ ይጠበቃል። ከዚያ መርማሪው ሟቹን ያስታመመውን ሰው ያነጋግራል። በመጀመሪያ ታሪኩን በራሱ አንደበት እንዲተርክ ያደርገዋል፤ ቀጥሎ የተወሰኑ ጥያቄዎችን በተራ ይጠይቃል። ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን ቆየ? ሳሉ ደም ነበረው? ሌሊት ያልበው ነበር? ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ነበር? አንገቱ ደርቆ ነበር? ከስቶ ነበር? የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ለዚህ የሚያገለግል ወጥ መጠይቅ ያወጣ ሲሆን ከዚያ ወዲህ በ2012፣ በ2016 እና በ2022 አሻሽሎታል።

በአካባቢያችን ይህን ሥራ የሚያከናውነው የዳባት የምርምር ማዕከል ነው። ማዕከሉን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ያቋቋመው ሲሆን፣ ከጎንደር በስተሰሜን ባለው በዳባት ወረዳ የተመረጡ ቀበሌዎችን ይከታተላል። ቀበሌዎቹ ከደጋ፣ ከወይና ደጋና ከቆላ የተውጣጡ ናቸው፤ የወባ ሥርጭት በከፍታ ስለሚለያይ ይህ አመራረጥ ትርጉም አለው። መረጃ ሰብሳቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየሄዱ ማን እንደተወለደ፣ ማን እንደመጣ፣ ማን እንደሄደና ማን እንደሞተ ይመዘግባሉ። ለሞተው ሰው የቃል ምርመራ ይደረጋል። ተመሳሳይ ማዕከላት በቡታጅራ፣ በጊልጌል ግቤ፣ በቀርሳና በሌሎችም ቦታዎች ተቋቁመዋል። ቡታጅራ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጀመረና ከሁሉም የቀደመ ነው።

ከምልክት ወደ ምክንያት

ከቃለ መጠይቁ የሚገኘው የምልክቶች ዝርዝር ነው። ይህን ወደ ምክንያት ለመለወጥ አንዱ መንገድ መጠይቁን ለሁለት ሐኪሞች ለየብቻ መስጠት፣ ካልተስማሙም ለሦስተኛ ማሳየት ነው። ሌላው መንገድ የሒሳብ ነው። ስሌቱ የሚመሠረተው ተማሪዎቻችን በፕሮባቢሊቲ ትምህርት በሚያውቁት በቤየስ ቀመር ላይ ነው። አሠራሩን ለማሳየት ብቻ የሚከተሉትን ቁጥሮች እናስብ።

በአንድ ቆላማ ቀበሌ ከዝናብ ወራት በኋላ 1000 ሰዎች ሞቱ እንበል፤ ከእነዚህ 200ው በወባ፣ 800ው በሌላ ምክንያት የሞቱ ይሁኑ። በወባ ከሞቱት ውስጥ 90 በመቶው፣ በሌላ ምክንያት ከሞቱት ደግሞ 30 በመቶው ትኩሳት ነበራቸው እንበል። ስለዚህ ትኩሳት የነበራቸው ከወባ ሟቾች 180፣ ከሌሎቹ 240፣ በድምሩ 420 ናቸው። ቤተሰቡ «ትኩሳት ነበረው» ካለ ሟቹ በወባ የሞተ የመሆኑ ዕድል 180 ለ420፣ ማለትም 43 በመቶ ገደማ ነው። በትኩሳት ብቻ መፍረድ እንደማይቻል ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ሁለተኛ ጥያቄ እንጨምር፦ ሕመሙ ከሁለት ሳምንት ያነሰ ነበር? ለዚህ በወባ ከሞቱት 80 በመቶው፣ ከሌሎቹ 30 በመቶው «አዎን» የሚባልላቸው ይሁኑ። ከ180ው 144፣ ከ240ው 72 ይቀራሉ። ዕድሉ 144 ለ216 ሆነ፤ ይኸውም ሁለት ሦስተኛ ነው። እያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ደካማ ቢሆንም በአንድነት ሲደመሩ ሚዛኑን ያዘነብላሉ። (እዚህ ላይ አንዱ ምልክት በሌላው ላይ ተጽዕኖ እንደሌለው አድርገን አስበናል፤ በእውነቱ ይህ ሁልጊዜ አይሠራም።) ተመራማሪው ፒተር ባያስና ባልደረቦቹ ይህን አሠራር ኢንተርቪኤ በተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም አቀናብረውት በመጀመሪያ በቬትናም ሞከሩት። ከዚያም በቡታጅራ መረጃ ላይ የተፈተነ ሲሆን የፈተናው ውጤት እ.ኤ.አ. በ2006 ታትሟል። ዛሬ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ይህ ዘዴ በዕድገቱ ውስጥ የቡታጅራ ገበሬዎች ታሪክ አለበት።

ፍጹም ያልሆነ መሣሪያና የአዲስ አበባ መቃብሮች

የቃል ምርመራ ይሳሳታል። ወባን ከታይፎይድ፣ ታይፎይድን ከግርሻ ትኩሳት በቃል ብቻ መለየት አስቸጋሪ ነው። ታዲያ የሚሳሳት መሣሪያ ምን ይጠቅማል? መልሱ የአንድን ሰው ሞት በመለየትና የሕዝብን ሞት በመለካት መካከል ባለው ልዩነት ላይ ነው።

መሣሪያችን በአንድ በሽታ ከሞቱት ከመቶው 80ውን በትክክል ይለያል፣ በሌላ ምክንያት ከሞቱት ደግሞ ከመቶው 10ሩን በስሕተት ለዚሁ በሽታ ይሰጣል እንበል። ከ1000 ሞቶች 300ው በእርግጥ የበሽታው ቢሆኑ መሣሪያው ከእነዚህ 240ውን ይይዛል፤ ከቀሩት 700ም 70ውን በስሕተት ይጨምራል። ንባቡ 310 ይሆናል። በ130 ሰዎች ላይ ተሳስቶ እንኳ ድምሩ ከእውነቱ ብዙ አልራቀም። ይህ ግን የአጋጣሚ መቀራረብ ስለሆነ አያዘናጋን። ከዓመታት በኋላ መድኃኒት ተገኝቶ የበሽታው ሞት ከ1000ው ወደ 100 ቢወርድ መሣሪያው 80ውን ይይዛል፤ ከ900ም 90ውን በስሕተት ጨምሮ 170 ያነብባል። ንባቡን እንዳለ ያመነ ሰው ሞት የቀነሰው ከ310 ወደ 170፣ ማለትም በ45 በመቶ ነው ይላል። እውነቱ ግን ከ300 ወደ 100፣ ማለትም በ67 በመቶ ነው። መድኃኒቱ ከሠራው ሥራ ሲሶው ያህል ተሰወረ ማለት ነው።

መፍትሔው በቤተ ሙከራ የምናውቀው ነው፤ መሣሪያውን አስቀድሞ ማስተካከልና የጀርባውን ሁካታ መቀነስ። የመሣሪያው የስሕተት መጠን ከታወቀ ከንባቡ ላይ 100 ቀንሰን ለ0.7 ብናካፍል 310 ወደ 300፣ 170ም ወደ 100 ይመለሳል። (100ው የ1000 አሥር በመቶ ነው፤ 0.7 ደግሞ የ0.8ና የ0.1 ልዩነት ነው።) የእያንዳንዱ ሟች ጉዳይ ሳይታወቅ የሕዝቡ ቁጥር ታወቀ።

ይህ በእርግጥ የተሠራው በአዲስ አበባ ነው። ከየካቲት 1993 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማዋ የመቃብር ስፍራዎች የሚፈጸሙ ቀብሮችን የሚመዘግብ ክትትል ተቋቋመ። በየመቃብሩ የተመደቡ መዝጋቢዎች የሟቹን ዕድሜ፣ ጾታ፣ አድራሻና ዘመድ የተናገረውን የሞት ምክንያት ይጽፉ ነበር። ዘመኑ ኤድስ የከፋበት፣ ስሙንም መጥራት የሚያሳፍርበት ነበር። ስለዚህ ቤተሰቡ «ኤድስ» በማለት ፈንታ ብዙ ጊዜ «የሳንባ በሽታ» ወይም «ቲቢ» ይል ነበር። ተመራማሪዎቹ ይህን እንደ ውሸት ቆጥረው አልጣሉትም። በሆስፒታል የሞቱና የደም ምርመራ ውጤታቸው የታወቀ ሰዎችን ከዘመዶቻቸው ቃል ጋር በማነጻጸር እያንዳንዱ የሽፋን ቃል ምን ያህል ጊዜ ኤድስን እንደሚያመለክት ለኩ። የሐፍረት ቃል እንኳ ስሕተቱ ከተለካ መረጃ ይሆናል።

ዕድሜ ብቻውንም ይናገራል። ኤድስ በሌለበት ሕዝብ ሞት የሚበዛው በጨቅላነትና በእርጅና ነው፤ መካከሉ ዝቅ ያለ ነው። በእነዚያ ዓመታት በአዲስ አበባ የመቃብር መዝገብ ግን መካከሉ፣ ሠርቶ የሚያበላው ጎልማሳ ዕድሜ፣ ጎልቶ ወጥቶ ነበር። የሞት ምክንያት የሚለው ዓምድ ባዶ ቢሆን እንኳ የዕድሜው ዓምድ በሽታውን ባጋለጠ ነበር።

የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ በነጻ መሰጠት የጀመረው ደግሞ በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። የመቃብር ክትትሉ እ.ኤ.አ. እስከ 2007 ባሉት ጥቂት ዓመታት የኤድስ ሞት በግማሽ ገደማ መቀነሱን አሳየ። ክሊኒኮች የሚያውቁት ወደ እነርሱ የመጣውን ሕመምተኛ ነው። መድኃኒቱ የከተማውን ሕዝብ ሞት መቀነሱን ያረጋገጠው ግን የመቃብር በር ላይ የተቀመጠ መዝገብ ነው።

ጭማሪ መቼ ነው ምልክት የሚሆነው?

ሞት በተፈጥሮው ከወር ወር ከፍና ዝቅ ይላል። በአንድ ቀበሌ በወር በአማካይ አራት ሰው የሚሞት ከሆነና በዚህ ወር ሰባት ቢሞቱ ወረርሽኝ ገባ ማለት ይቻላል? በራዲዮአክቲቭ ልኬት የምንጠቀምበት ደንብ እዚህም ይሠራል። ሞቶቹ እርስ በርሳቸው ካልተያያዙ የተለመደው መዋዠቅ የአማካዩ ካሬ ሥር ያህል ነው። የአራት ካሬ ሥር ሁለት ነው። ጭማሪው ሦስት ስለሆነ ከተለመደው መዋዠቅ አንድ ተኩል እጥፍ ብቻ ነው፤ በአጋጣሚ ሊደርስ ይችላል። በወር 400 ሰው በሚሞትበት ከተማ ግን መዋዠቁ 20 ነው፤ ሞቱ 700 ቢሆን ጭማሪው የመዋዠቁ 15 እጥፍ ይሆናል። ይህን በአጋጣሚ ማሳበብ አይቻልም። በመጠን የተመሳሰለ ጭማሪ በትንሽ ቀበሌ ዝምታ፣ በከተማ ግን ጩኸት ነው። መረጃን በሰፊው ማሰባሰብ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። ቁጥሩ አነስተኛ በሆነበት ቦታ ደግሞ እንደ ኒው ሜክሲኮው መርማሪ ብዛትን ሳይሆን ያልተለመደ ዝምድናን መፈለግ ይሻላል፤ በአንድ ቤት ሁለት ጎልማሶች በአንድ ሳምንት፣ በተመሳሳይ ምልክት ቢሞቱ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ከዚህ የምንረዳው የሞት ምርመራ ሁለት ሰዓቶች እንዳሉት ነው። አዝጋሚው ሰዓት ከአርባው በኋላ የሚጠይቀው የቃል ምርመራ ነው፤ ቲቢን፣ ኤድስን፣ የወባን የዓመታት ጉዞ ያሳያል። ፈጣኑ ሰዓት ሰው በሞተ በሰዓታት ውስጥ ናሙና የሚወስደው ነው፤ ወረርሽኝን ለመያዝ የሚያገለግለው እርሱ ነው።

መርፌና ናሙና

ፈጣኑ ሰዓት ሙሉ የአስከሬን ቀዶ ምርመራን የግድ አይጠይቅም። በምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሐረርና በቀርሳ፣ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የሚሳተፍበት ቻምፕስ የተባለ ዓለም አቀፍ የሕፃናት ሞት ጥናት አለ። በዚህ ጥናት ቤተሰብ ሲፈቅድ አስከሬኑ ሳይከፈት በመርፌ ብቻ ከሳንባ፣ ከጉበት፣ ከአንጎል፣ ከደምና ከሕብለ ሰረሰር ፈሳሽ ጥቂት ናሙና ይወሰዳል። ናሙናው ለብዙ ተሕዋስያን በአንድ ጊዜ ይመረመራል፤ ከዚያም የባለሙያዎች ቡድን ውጤቱን ከሕክምና መዝገቡና ከቃል ምርመራው ጋር አገናዝቦ ወደ ሞት ያደረሰውን ሰንሰለት ይወስናል። ጥናቱ በሚካሄድባቸው የአፍሪካና የእስያ አገሮች ክሌብሲዬላ የተባለው ባክቴሪያ ቀድሞ ከሚገመተው በላይ ሕፃናትን እንደሚገድል የታየው በዚህ መንገድ ነው። ይህን እናት በቃል ልትነግረን አትችልም።

በኮቪድ ወረርሽኝ የመጀመሪያ ዓመት፣ በ2012 ዓ.ም.፣ የጤና ሚኒስቴር በየዕለቱ ባወጣቸው መግለጫዎች ከሟቾቹ መካከል ቫይረሱ የተገኘባቸው ከሞቱ በኋላ ከአስከሬን በተወሰደ ናሙና የሆኑ ሰዎች ነበሩ። በሕይወት ሳሉ ያልተመረመሩ ሰዎች ናቸው። በዛምቢያ ዋና ከተማ ሉሳካ በዚያው እ.ኤ.አ. 2020 በአንድ የአስከሬን ማቆያ የተደረገ ጥናት ከ364 ሟቾች በ58ቱ፣ ከስድስት አንድ ገደማ፣ ቫይረሱን አግኝቷል። አብዛኞቹ የሞቱት ከሆስፒታል ውጭ ሲሆን ከመሞታቸው በፊት የተመረመሩት እጅግ ጥቂት ናቸው። በዚያን ጊዜ ኮቪድ አፍሪካን ለምን አለፋት እየተባለ ይጠየቅ ነበር። ቢያንስ በሉሳካ አላለፋትም፤ ያልነበረው የሚለካው ነው።

የማርበርግ በሽታ በጂንካ መገኘቱ በኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በተገለጸ ጊዜም ተመሳሳይ ችግር ታይቷል። ናሙና ሳይወሰድላቸው የተቀበሩ ሰዎች ከታመሙት ጋር የነበራቸው ንክኪ ቢታወቅም በሽታው እነርሱን መግደሉ ሊረጋገጥ አልቻለም። በዚህ ዓይነት በሽታ የሟቹ አስከሬን ራሱ ተላላፊ ስለሆነ ጥንቃቄ የተሞላበት ናሙና አወሳሰድና ቀብር የመርማሪውንም የቀባሪውንም ሕይወት የሚያድን ነው።

የሚጠየቀው ቤተሰብ

እስካሁን ስለ ቁጥር ብዙ ተናግረናል። ቁጥሩ ግን የሚገኘው ልጇን ከቀበረች ሁለት ወር ካልሞላት እናት ነው። መርማሪው ቁስሏን እንድትነካው ይጠይቃታል። ትኩሳቱ መቼ ጀመረ? ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳችሁት? ለምን ዘገያችሁ? የመጨረሻው ጥያቄ እንደ ክስ ሊሰማት ይችላል፤ ስለዚህ የመርማሪው ሥልጠና ትልቁ ክፍል አጠያየቅ ነው። ከሁሉም በላይ ሊነገራት የሚገባ እውነት አለ። ከላይ እንዳየነው ይህ መሣሪያ የሕዝብን ሞት በደህና ይለካል እንጂ የእርሷ ልጅ በምን እንደሞተ በእርግጥ ሊነግራት አይችልም። የምትሰጠው መረጃ የሚጠቅመው ሌሎችን ነው። ይህን አውቃ ፈቅዳ ስትናገር ስጦታ ይሆናል፤ ሳታውቅ ከሆነ ግን ተታላለች። ፈቃድ፣ ምስጢር ጥበቃና ለማኅበረሰቡ ውጤቱን ተመልሶ መንገር የልኬቱ አካል ናቸው፤ ያልታመነ መርማሪ እውነተኛ መልስ አያገኝምና።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መነሻ መሣሪያ በእጃችን ያለ ይመስለናል። በወለቃም ሆነ በሌላ ስፍራ እድር አባሉ ሲሞት ያውቃል፤ ጸሐፊና መዝገብም አለው። በዚያ መዝገብ ላይ ስም ሳይጠቀስ አምስት ዓምዶች በሌላ ገጽ ቢጨመሩ፣ ማለትም የሞት ቀን፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ሕመሙ የቆየበት ቀን ብዛት፣ ትኩሳት ወይም ሳል መኖር አለመኖሩ፣ ገጹም በየሳምንቱ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቢደርስ ከባድ ወጪ አይጠይቅም። ከአንድ እድር የሚመጣው ቁጥር፣ እንዳየነው፣ ለብቻው ምንም ላይናገር ይችላል። የብዙ እድሮች ቁጥር ሲደመር ግን በ1950 ዓ.ም. ክረምት ያልነበረው ነገር ይኖረናል፤ ይኸውም ወረርሽኙ ገና በመነሣት ላይ ሳለ የሚነበብ መዝገብ ነው።